ድስት ከፍቶ የሚያይ መንግሥት

ዛሬ ስለ ምግብ ላወጋችሁ ነው። ሙያ ፍለጋ የመጣችሁ ካላችሁ ግን ቀድሜ ልንገራችሁ፤ ከዚህ ጨዋታ አንድም ወጥ ተምራችሁ አትነሡም።

አንዲት ተማሪ አስቡልኝ። ስም አላወጣላትም፤ በአሜሪካም በአውሮፓም በየዩኒቨርሲቲው የስፔን ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ክፍል ውስጥ እንደሷ ያሉ ዛሬ ጥቂት አይደሉም። ሦስተኛ ዲግሪዋን ትሠራለች። ዘመድ ተሰብስቦ «ለመሆኑ ምንድን ነው የምታጠኚው?» ሲላት፣ «ምግብ፣ ፖለቲካና ማንነት በስፔን ባህል ውስጥ» ብላ ትመልሳለች። ዘመድ የትም አገር ዘመድ ነውና ከዚያ የሚሆነውን መገመት አያቅትም። አጎት «እሰይ፣ ለወጥም ዶክተር ወጣለት!» ብሎ ይስቃል። አክስት ደግሞ «ተዋት እንጂ፣ የተማረች ባለሙያ ማን ይጠላል» ትላለች። ልጅቷም ፈገግ ብላ ታልፈዋለች። ምን ታድርግ፤ ስለ ኢንክዊዚሽን መዝገብ ምሳ ላይ አይወራም።

እኛ ምሳ ላይ አይደለንምና እናውራው።

ስፔን በ1478 ከሮማው ጳጳስ ከሲክስተስ አራተኛ ፈቃድ አግኝታ ኢንክዊዚሽን የተባለውን የሃይማኖት መርማሪ ፍርድ ቤት አቋቋመች። (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ አላደክማችሁም።) ዋና ሥራው ከአይሁድነት ወደ ክርስትና የተመለሱትን ሰዎች መመርመር ነበር። በ1492 መጀመሪያ ላይ ንጉሥ ፈርዲናንድና ንግሥት ኢሳቤላ ግራናዳን ከመጨረሻው የሙስሊም ገዥ እጅ ተረከቡ። ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ አይሁዳውያን ወይ ይጠመቁ ወይ አገር ለቀው ይውጡ የሚል ዐዋጅ ወጣ። ተሰዶ የወጣው ብዙ ነው፤ ተጠምቆ የቀረውም ብዙ ነው። ጣጣው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጥምቀት ግንባር ላይ አይጻፍም፤ ልብም ተከፍቶ አይታይ። «ይኼ ሰው ከልቡ አምኗል ወይስ እያስመሰለ ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከየት ይምጣ? ከማድ ቤት መጣ።

ፍርድ ቤቱ በየከተማው ቤተ ክርስቲያን የሚያስነብበው ማስታወቂያ ነበረው። ሕዝቡ ቆሞ ይሰማል። ዓርብ ማታ ንጹሕ አንሶላ የሚያነጥፍ፣ የቅዳሜን ምግብ ዓርብ ሠርቶ ረመጥ ላይ የሚያሳድር፣ ከሥጋ ላይ ስቡን እየለየ የሚጥል፣ ከበግ ታፋ ውስጥ ጅማት የሚያወጣ፣ አሳማ፣ ጥንቸልና ቅርፊት የሌለው ዓሣ የማይበላ ሰው ያየ ሁሉ ይምጣና ይናገር ይላል። የክህደት ማስረጃ የተባለው ይህ ነው። አንድም የጸሎት መጽሐፍ ሳይነካ ሰው በድስቱ ብቻ ሊከሰስ ይችል ነበር።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ማን ያያል?» ትሉኝ ይሆናል። የቤት ሠራተኛ ታያለች፤ ጎረቤትም ያሸታል። የፍርድ ቤቱን መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው ደጋግሞ የሚያገኛት ምስክር በቤቱ ታገለግል የነበረች ገረድ ናት። እመቤቷ ሥጋውን እንዴት እንዳጠበች፣ ሽንኩርቱን በምን እንዳቁላላች፣ ድስቱ መቼ እሳት ላይ ተጥዶ መቼ እንደወረደ አንድ በአንድ ትናገራለች። ጸሐፊውም ቁጭ ብሎ ይጽፋል። የእኛ ተማሪ ከ500 ዓመት በኋላ ማድሪድ ወይም ኩዌንካ ባለ ቤተ መዛግብት ውስጥ ተቀምጣ የምታነበው ያን ጽሑፍ ነው።

እስቲ አንዱን ወጥ ጠጋ ብለን እንየው። አዳፊና ይባላል። ሽምብራ፣ የበግ ወይም የበሬ ሥጋ፣ ሽንኩርት፣ ቅመም፣ አንዳንዴም ከነቅርፊቱ የሚገባ እንቁላል አለበት። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይጣዳል፤ ክዳኑ ይገጠምና ረመጥ ይደረግበታል። ቅዳሜ እሳት መንካት የለምና እስከ ማግስቱ ምሳ በራሱ ጊዜ ይበስላል። ዛሬ ማድሪድ ሄዳችሁ የከተማዋን ዝነኛ ወጥ ኮሲዶን ብታዝዙ ያው ሽምብራ፣ ያው ሥጋ፣ ያው ዝግ ያለ እሳት ነው። ብቻ የአሳማ ጮማ፣ የአሳማ ቋሊማ፣ በአሳማ ደም የተሠራ ሌላ ቋሊማም ተጨምሮበታል። ኮሲዶ የአዳፊና ልጅ ነው የሚሉ የምግብ ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው። ክርስትና የተነሣ ወጥ በሉት።

ሌላው የክርክር ምንጭ ሽንኩርቱ የሚቁላላበት ነው። የአሳማ ሞራ ወይስ የወይራ ዘይት? የዚያ ዘመን ቄስና ታሪክ ጸሐፊ አንድሬስ በርናልዴስ አዲስ ክርስቲያኖቹን የሚወቅሳቸው ሥጋቸውን በዘይት ስለሚሠሩ ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ያበዛሉ፣ ቤታቸውም ትንፋሻቸውም ይሸታል ብሎ ጽፏል። እኔን የሚያስቀኝ ሽታው በዝርዝር መጻፉ ነው። በወይራ ዘይት የተቁላላ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት! ዛሬ የስፔን ወጥ ሁሉ የሚጀመረው በዚሁ አይደል? አገሩ የሚኮራበት መዓዛ ያኔ የክስ ጭብጥ ነበር።

በ1999 ዴቪድ ጊትሊትዝና ሊንዳ ኬይ ዴቪድሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከነዚህ መዝገቦች ውስጥ ምግቦቹን እየለቀሙ የማብሰያ መጽሐፍ አሳተሙ። ምስክሯ «እንቁላል፣ ሽምብራና ቅመም ሲገባ አይቻለሁ» ካለች እነሱ ልኩን ከዘመኑ የምግብ መጻሕፍት ጋር እያመሳከሩ ሞከሩት። በየምግቡ ሥር በዚያ ምክንያት የተከሰሰችው ሴት ታሪክ አለ። ግሩም ሥራ ነው፤ አልክድም። ግን እውነቱን ልናገርና፣ እንዲህ ያለውን ወጥ ቀምሶ «ጨው አነሰው» ማለት ለኔ ይከብደኛል።

ይህን ጨዋታ ለኢትዮጵያዊ ማውራት ደግሞ አይከብድም። የክርስቲያን ሥጋ የእስላም ሥጋ እያልን ያደግን ሰዎች ነን፤ ሥጋ ሃይማኖት እንዳለው ለኛ ማስረዳት አያስፈልግም። እኛ ዘንድ ግን ሠርግ ሲኖር ለሙስሊሙ ጎረቤት ለብቻው በሱው እጅ ይታረድለታል፤ እሱም ሲደግስ ለክርስቲያኑ እንዲሁ ያደርጋል። ልዩነቱ ይታወቃል፣ ይከበራል፣ ድግሱም ይቀጥላል። የስፔኑ ፍርድ ቤት የጠላው ይህንን ነው፤ አንድ ማዕድ እንጂ ሁለት ማዕድ አይሆንለትም።

ደግሞ ያ ዓይን የእኛም ድስት ድረስ መጥቶ ነበር። በ1555 ጎንሳሎ ሮድሪጌስ የተባለ ፖርቱጋላዊ ኢየሱሳዊ ቄስ ዐፄ ገላውዴዎስ ዘንድ ደረሰ። ከአይቤሪያ የመጡት ሰዎች ኢትዮጵያውያን ቅዳሜን ያከብራሉ፣ ይገረዛሉ፣ አሳማ አይበሉም፣ ስለዚህ አይሁዳውያን ናቸው ይሉ ነበር። ልብ በሉ፣ ይህ በኢንክዊዚሽኑ ማስታወቂያ ላይ ያለው የምልክት ዓይነት ነው። ንጉሡ በዚያው ዓመት ሃይማኖቱን የሚያስረዳ ጽሑፍ በግዕዝ አዘጋጀ። ስለ አሳማ ሲመልስ ነገሩን አላከበደውም፦ የማንበላው የሙሴ ሕግ አስሮን አይደለም፤ የሚበላውን አንጸየፈውም፣ የማይበላውንም ብላ ብለን አናስገድደውም የሚል ሐሳብ ነው የጻፈው። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድሬስ ደ ኦቪዬዶ የሚባል ጳጳስ መጣ፤ ይሄኛው ለቶሌዶ ቅርብ ከሆነችው ከኢዬስካስ የተወለደ ስፔናዊ ነው፣ እስኪሞት ድረስም ትግራይ ውስጥ ፍሬሞና ኖረ። ያደገበት አገር አሳማ መብላት የታማኝነት መታወቂያ የሆነበት ነው። እሱ ከገላውዴዎስ ጋር ሳይግባባ መቅረቱ ምን ይደንቃል? እንዲያውም የእኛ ተማሪ አንድ ምዕራፏን እዚህ ላይ ብትጽፍ ደስ ይለኛል፤ አንባቢ አታጣም።

ከአይሁዳውያኑ ቀጥሎ ተራው የሞሪስኮዎች፣ ማለትም ተገደው የተጠመቁት ሙስሊሞች ሆነ። እነሱን ያስጠረጠራቸው ኩስኩስና ደበርጃን ነበር። ከ1609 እስከ 1614 ባለው ጊዜ ወደ 300,000 የሚሆኑት ተጠርገው ከአገር ተባረሩ። ዶን ኪኾቴ የተባለው ልብ ወለድ ሁለተኛ ክፍሉ የወጣው በ1615 ነው፤ ደራሲው ሰርቫንቴስ ሲጽፍ ነገሩ ትኩስ ነበር። እዚያ ውስጥ ሪኮቴ የሚባል የተባረረ ባለ ሱቅ አለ፤ የጀርመን ተሳላሚ መስሎ ተደብቆ ሲመለስ የድሮ ጎረቤቱን ሳንቾን መንገድ ላይ ያገኘዋል። ሣር ላይ ዘርፈጥ ብለው ስንቃቸውን ያወጣሉ፤ ዳቦ፣ አይብ፣ ለውዝ፣ ወይራ፣ ወይን ጠጅ የሞላ ስልቻ፣ በመሀሉም ሥጋው ያለቀ የአሳማ አጥንት።

ይህ አጥንት ስንት ገጽ እንዳስጻፈ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ማስመሰያ ነው የሚል አለ፤ የሚያይ ሰው ቢመጣ «ይኸው እንበላለን» ለማለት። የለም፣ ሰውየው ከልቡ ክርስቲያን መሆኑን ለማሳየት ነው የሚል አለ። ሥጋ የሌለው አጥንት መሆኑ ራሱ ሽሙጥ ነው የሚልም አለ፤ ስፔን ለሰዎቹ የተረፈቻቸው በዚያ ልክ ነው ለማለት። እኔ ከሁሉም አጥንቱን የሚመጠው ሰው መራቡን አልረሳም። ሳንቾና ሪኮቴ ግን ጎን ለጎን ተቀምጠው በልተዋል፣ ስልቻውንም አብረው አጋድመዋል፣ ሳንቾም ሄዶ አልጠቆመበትም። ሰርቫንቴስ በዐዋጁ ላይ ምን እንደሚያስብ በግልጽ መጻፍ አይችልም ነበር፤ እነዚህን ሁለት ጎረቤቶች ግን አንድ ማዕድ ላይ አስቀመጣቸው።

ሦስት መቶ ዓመት ልዝለል። የስፔን ቤተ መንግሥት በዚህ መሀል የምግብ ዝርዝሩን በፈረንሳይኛ እየጻፈ ይበላ ነበር፤ በ1888 ሁለት ጸሐፊዎች በዚህ ተናድደው መጽሐፍ እስከ ማሳተም ደርሰዋል። በ1913 ትልቋ ደራሲ ኤሚሊያ ፓርዶ ባሳን የጥንቱን የስፔን ምግብ የሚሰበስብ መጽሐፍ አወጣች። በ1929 ደግሞ ዲዮኒሲዮ ፔሬስ ለመንግሥቱ የቱሪዝም መሥሪያ ቤት የየክፍለ ሀገሩን ማዕድ የሚያስጎበኝ መጽሐፍ ጻፈ። የስፔን ምግብ ሲባል አንድ ምግብ ነው ወይስ የብዙ ሕዝቦች ምግብ የሚለው ክርክር ያኔ ተጀመረ፤ ዛሬም አላለቀም።

ከዚያ የእርስ በርስ ጦርነት መጣ፣ ረኃቡም ተከትሎ መጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ጄኔራል ፍራንኮ ጦርነቱን ገና ሳያሸንፍ፣ በ1936፣ በያዘው ግዛት የአንድ ምግብ ቀን የሚባል ዐወጀ። በዚያ ቀን ምግብ ቤቶች ለአንድ ሰው አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ ያቀርባሉ፤ ሒሳቡ ግን የሙሉው ማዕድ ነው። ልዩነቱ ለችግረኛ ይውላል ተብሎ መንግሥት ይወስደዋል። መጀመሪያ በወር ሁለቴ ነበር፣ በኋላ በየሳምንቱ ሆነ። ስሙ ምጽዋት ነው፤ አለመስጠት ግን አይቻልም። ጾሙ ራሱ ዐዋጅ ሆነ ማለት ነው።

ጦርነቱ በ1939 ሲያልቅ የራሽን ካርድ መጣ፤ እስከ 1952 ቆየ። የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ይህን ሳነብለት ራሱን ይነቀንቃል። ዘይትና ስኳር በካርድ፣ ዳቦ በካርድ፣ የቀረው በጥቁር ገበያ ነበር። አንጀት የሚበላው መጽሐፍ የወጣው በዚህ ዘመን ነው። ኢግናሲ ዶሜኔች በሙያው አንቱ የተባለ የወጥ ቤት ሹም ነበር፤ ለትልልቅ ቤቶች የሠራ፣ ለባለጸጋ የሚሆኑ መጻሕፍት የጻፈ ሰው ነው። በ1941 ያሳተመው መጽሐፍ ግን በሌለ ነገር ምግብ መሥራት ያስተምራል። ስፔናዊ ሁሉ የሚወደውን ቶርቲያ፣ ማለትም የድንችና የእንቁላል ጥብሱን፣ ያለ ድንችና ያለ እንቁላል እንዴት እንደሚሠሩ ይናገራል። ብርቱካኑን ትልጣላችሁ፤ በልጣጩና በፍሬው መካከል ያለውን ነጩን ታወጡና ውሃ ውስጥ ትዘፈዝፉታላችሁ፤ ይህ ድንቹ ነው። ዱቄት በውሃ ትበጠብጡና ሶዳ፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና ጥቂት ቀለም ትጨምራላችሁ፤ ይህ ደግሞ እንቁላሉ ነው። ሰውየው ይህን ሲጽፍ አይቀልድም። ሥነ ሥርዓቱን ጠብቆ፣ ልኩን ሰጥቶ፣ እንደ ሌላው ምግብ ሁሉ በክብር ነው የጻፈው። የፖለቲካ ቃል አንድ የለበትም፤ የፍራንኮን የመጀመሪያ ዓመታት ከዚያ ገጽ በላይ የሚናገር ሰነድ ግን እኔ አላየሁም።

በላ ማንቻ ሜዳ ድሃው የተረፈው በጓያ ዱቄት ገንፎ ነው። አዎ፣ ይኸው የእኛው ጓያ። በ1941 እና በተከታዮቹ ዓመታት ስፔን ውስጥ በጓያ ምክንያት እግራቸው የሰለለ ሰዎች በየሆስፒታሉ ታዩ፤ ሐኪሞቹም ጻፉት። በደንቢያና በፎገራ የሆነውን የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ድርቅ ሌላውን እህል ሲያጠፋ ጓያ ይበቅላል፤ ሌላ የሌለው ሰው እሱኑ ጧት ማታ ሲበላ ሽባ ያደርገዋል። ሠዓሊው ጎያም አይቶት ነበር። ከ1811 እስከ 1812 ማድሪድ በናፖሊዮን ጦር ተይዛ በተራበች ጊዜ፣ የከሱ ሰዎች መሬት ላይ ወድቀው የጓያ ገንፎ ሲጠባበቁ ሥሏል፤ የሥዕሉም ርእስ ጓያን ያመሰግናል። ምስጋናው ምሬት ይሁን እውነት እንጃ፣ ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም። በ1967 የወጣው የስፔን የምግብ ሕግ ጓያን ለሰው ምግብነት ከለከለው። የላ ማንቻ ሰው ግን ገንፎውን አልተወም፤ ዱቄቱ የከብት መኖ ተብሎ እየተሸጠ ቤቱ ገብቶ ይገነፋ ነበር። በ2018 መንግሥት ተሸንፎ አልፎ አልፎ ቢበላ ብሎ ፈቀደ። ያኔ የረኃብ የነበረው ገንፎ ዛሬ የክፍለ ሀገሩ መኩሪያ ሆኖ በበዓል ይቀርባል።

የፍራንኮ መንግሥት ማስራብ ብቻ ሳይሆን ማስተማርም ይወድ ነበር። የፓርቲው የሴቶች ክፍል በ1950 የምግብ መጽሐፍ አወጣ፤ ለዐሥርት ዓመታት በየሙሽራዋ ጓዳ የነበረ መጽሐፍ ነው። የጻፈችው የወጥ ቤት መምህሯ አና ማሪያ ኤሬራ ነች፤ ሽፋኑ ላይ ግን የክፍሉ እንጂ የእሷ ስም አልነበረም። በ1953 የየክልሉን ምግብ የሚዘረዝር ሌላ መጽሐፍ ተከተለ። የካታላኑ ወጥ፣ የባስኩ ዓሣ፣ የጋሊሲያው ሾርባ ሁሉም በየተራው አለበት። ካታላንኛና ባስክኛ ግን ከትምህርት ቤትና ከመሥሪያ ቤት ተባርረው ነበር። ብሔረሰቡ ይጨፍር፣ ይብላ፣ የአገር ልብሱንም ይልበስ፤ አፉን ግን በወጥ ሞልቶ ዝም ይበል ነው ነገሩ። ይህን ዓይነት መንግሥት ሌላ ቦታም ያየ ሰው ካለ እዚያው በልቡ ይያዘው።

ባስኮች ግን ለዚህ መላ ነበራቸው። በሳን ሴባስቲያን ከተማ ከ1870 ጀምሮ የወንዶች የምግብ ማኅበር የሚባል ነገር አለ። ወንዶች ቁልፍ አላቸው፤ ማኅበሩ ቤት ገብተው ራሳቸው ያበስላሉ፣ ራሳቸው ይበላሉ፣ ከጓዳው የወሰዱትን ዘይትና ወይን ጠጅ ወረቀት ላይ ጽፈው ሒሳቡን ሣጥን ውስጥ ይከትታሉ። ቆሞ የሚቆጣጠር የለም። «ወንድ ማድ ቤት ምን ይሠራል» ተብለን ላደግነው እኛ ጉድ ነው። የየማኅበሩ ደንብ ፖለቲካ ማውራት ክልክል ነው ይላል፤ ደንቡ ለፖሊስ የተጻፈ ይመስለኛል። በሩ ሲዘጋ ባስክኛ ይወራል፣ በባስክኛ ይዘፈናል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል የሚባለው እዚያም ይሠራል፤ እነሱ ብቅሉን ቢያጡ በፖም ጠጅ ይተኩታል። ሴቶችን በተመለከተ ግን እነዚህ ማኅበራት የሚያስመሰግን ታሪክ የላቸውም። በብዙዎቹ ሴት እንግዳ ሆና ትቀመጣለች እንጂ ምድጃው ጋ አትደርስም ነበር፤ አንዳንዶቹ ዛሬም ከዚህ ፈቀቅ አላሉም። ለነፃነት የተዘጋ በር እናት፣ ሚስትና እኅት ላይም ተዘግቶ መቆየቱን ተማሪያችን ሳትጽፍ እንዳታልፍ።

ፍራንኮ በኅዳር 1975 ሞተ። በተከታዩ ዓመት ሁዋን ማሪ አርሳክና ፔድሮ ሱቢሃና የሚባሉ ሁለት ወጣት የባስክ ምግብ ሠሪዎች ፈረንሳይ ሄደው ከዝነኛው ምግብ ሠሪ ከፖል ቦኩዝ ዘንድ ሰነበቱና ተመልሰው አዲሱን የባስክ ምግብ ጀመሩ። በባርሴሎና ደግሞ በፍራንኮ ዘመን የታሠረው ኮሙኒስቱ ደራሲ ማኑኤል ባስኬስ ሞንታልባን በ1977 ስለ ካታሎኒያ አበላል መጽሐፍ አሳተመ። ይህን ሰው እወደዋለሁ። የፈጠረው መርማሪ ፔፔ ካርባልዮ ወንጀል ይመረምራል፣ እሳት ለማቀጣጠል መጻሕፍቱን ያነዳል፣ በዚያ እሳት የሚበስለው ደግሞ ቁም ነገር ያለው ራት ነው። የመጽሐፍ ሰው ሆኖ መጽሐፍ የሚያቃጥል ጀግና መፍጠር ድፍረት ይጠይቃል።

ዲሞክራሲ ሲመጣ ታዲያ ድስት መክፈቱ ቀረ? አልቀረም፤ የሚከፍተው ሰው ተቀየረ እንጂ። በ2004 ካሮድ ሮቪራ የሚባል የካታላን ነፃነት ፓርቲ መሪ ማድሪድ የ2012ን ኦሎምፒክ ለማዘጋጀት ያቀረበችውን ጥያቄ መደገፍ የለብንም የሚል ነገር ተናገረ። ወሩ ለገና የቀረበ ነበር፤ ስፔናዊ ገናን የሚያከብረው ካቫ በሚባለው አረፋ ወይን ነው፤ ካቫ ደግሞ በብዛት የሚጠመቀው ካታሎኒያ ውስጥ ነው። «የካታላን ካቫ አትግዙ» የሚል ዘመቻ በሞባይል መልእክት አገሩን አዳረሰ። የሚገርመው የጠርሙሱ ቡሽ ነው። ከቡሹ ብዙው የሚገኘው ከኤስትሬማዱራ የቡሽ ዛፎች ነው፤ ካታላኑን ልቅጣ ብሎ የተነሣ ሰው የድሃውን የኤስትሬማዱራ ገበሬም አብሮ ቀጣ። እዚያው ኤስትሬማዱራ ውስጥ ደግሞ አልሜንድራሌኾ የምትባል ካቫ የሚጠመቅባት ከተማ ስላለች የእሷ ጠማቂዎች ገበያ ደራላቸው። ስለ አንድነት የተነሣ ጠብ በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ክልል አገናኝቶ አረፈው።

ስለ ፓኤያ ብዙ አልልም፤ ቫሌንሲያዎች እንዳይሰሙኝ። በ2016 እንግሊዛዊው ምግብ ሠሪ ጄሚ ኦሊቨር ቾሪዞ የሚባለውን ቋሊማ የጨመረበት ፓኤያ ለቀቀና አገር ተነሣበት። ቫሌንሲያዊ ዘንድ ዶሮ፣ ጥንቸል፣ ሁለት ዓይነት ባቄላ፣ ቲማቲም፣ ዛፍራንና ሩዝ ገብቶበት ከሆነ ፓኤያ ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው «ሩዝ ከነገሮች ጋር» ይባላል። በ2021 የክልሉ መንግሥት ፓኤያን በቅርስነት መዘገበው። ጨዋታ ይመስላል፤ ግን ለብዙ ዓመት የፍራንኮ ቱሪዝም ፓኤያን የመላው ስፔን አድርጎ ለቱሪስት ሲሸጥ እንደነበር ስታስቡ ቫሌንሲያዊው የሚጮኸው ለቾሪዞው ብቻ እንዳልሆነ ይገባችኋል።

በዚያው በ2021 ሐምሌ የፍጆታ ሚኒስትሩ አልቤርቶ ጋርሶን ለጤናም ለአየር ንብረትም ሲባል ሥጋ ቀንሱ አለ። ሰውየው የተናገረው ሐኪም ሁሉ የሚናገረውን ነው። ስፔን ግን ከ30 ሚሊዮን በላይ አሳማ ያላት፣ ከአውሮፓ ኅብረት አገሮች በአሳማ ብዛት የምትመራ አገር ናት፤ ነገሩ ጤና ሆኖ አልቆየም። አርቢዎች ተቆጡ፣ ተቃዋሚዎች የአገር ክብር ተነካ አሉ። ሊትዌኒያን ይጎበኝ የነበረው ጠቅላይ ሚኒስትር ፔድሮ ሳንቼስ ሲጠየቅ፣ ለኔማ በልኩ ከተጠበሰ ወፍራም የበሬ ጎድን የሚበልጥ የለም ብሎ ሚኒስትሩን ሜዳ ላይ ጣለው። እንግዲህ ጠቅላይ ሚኒስትር ነው፤ የስፔን መሪ ሥጋ አልወድም ብሎ መናገር ከ500 ዓመት በኋላም ሳይከብደው አይቀርም።

እኔ ግን ተማሪዋን ብሆን የመጨረሻውን ምዕራፍ ሥጋ ላይ አላደርገውም። ወደ አልሜሪያ እወርዳለሁ። በደቡብ ጠረፍ፣ ከሰማይ ሲታይ ነጭ ባሕር የሚመስል፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ ወደ 30,000 ሄክታር የሚጠጋ የአትክልት እርሻ አለ። ክረምት ላይ አውሮፓ የሚበላው ቲማቲም፣ ቃሪያና ዱባ ብዙው ከዚያ ነው የሚወጣው። ካታላኑ ማንነቴ ነው ብሎ ዳቦው ላይ የሚያሸው ቲማቲምም በብርዱ ወራት ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። የሚለቅሙት አብዛኞቹ ከሞሮኮና ከምዕራብ አፍሪካ የሄዱ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ ከእንጨትና ከአሮጌ ፕላስቲክ በሠሩት ጎጆ ያድራሉ። የስፔን ምግብ መጻሕፍት ስለ ዛፍራኑ ዘር፣ ስለ አሳማው ዝርያ፣ ስለ ሩዙ ውሃ ሳይቀር ሲጽፉ እነዚህ ሰዎች ግን ገጽ አላገኙም።

በየካቲት 2000 በአልሜሪያዋ ኤል ኤኺዶ ከተማ አንድ የአእምሮ ሕመምተኛ ሞሮኳዊ አንዲት ስፔናዊት ወጣት ገደለ። ነዋሪው ወጥቶ ለሦስት ቀን ሞሮኮዎች ላይ ዘመተ፤ ቤት ተቃጠለ፣ ሱቅና መስጊድ ተሰበረ፣ ሥጋ ቤታቸውና ሻይ ቤታቸው ሳይቀር ወደመ። ሠራተኞቹ ዱላ አላነሡም፤ ሥራ አቆሙ። እርሻው ሰው አጣ፣ አትክልቱ ሳይለቀም ተክሉ ላይ ቀረ፣ መኪኖቹም ጭነት አጡ። ሳምንት ሳይሞላ ባለ እርሻዎቹና መንግሥት ለድርድር ተቀመጡ፤ ካሳ፣ መጠለያና የመኖሪያ ወረቀት የሚል ስምምነት ተፈረመ። ከተፈረመው ብዙው አልተፈጸመልንም ብለው ሠራተኞቹ ለዓመታት ሲከራከሩ ኖረዋል።